ሰዓት ሠሪዋና የማይታዩት ጠብታዎች

ሰፈሩ የሚጠራት አጉሊት እያለ ነው። ሰዓት ሠሪ ናት። ሙያውን ያወረሳት አባቷ ነው፤ የእሱ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወንበሩን ለቀቀላት፣ እሷም ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀመጠችበት። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለተኛ ደንበኛ ከመጣ አንደኛው ደጅ ይቆማል። ቀኝ ዓይኗ ላይ አጉሊ መነጽሯን ሰክታ ወረንጦዋን ስታነሳ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ያልዋጠውን «ወንድሜ፣ ወደዚያ ተንፍስ፤ ብሎኖቼን ትበትንብኛለህ» ትለዋለች። በትንንሽ ነገር ላይ ማንም አይበልጠኝም ባይ ነበረች፤ እውነትም የሚበልጣት አላየሁም።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ላይ ሆዷ ይነፋ ጀመር። ወፈርኩ ብላ ቀሚሷን አሰፋች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ «ከእኔ ደብቀሽ የምትበዪው ምንድን ነው?» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ብቻ ቆየ። እንቁላል ከሚመረትበት እጢ የተነሳ ካንሰር ነው ተባለ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጣት። ፀጉሯ ረገፈ፤ ውሃ እንኳ ብረት ብረት ይላት ነበር። ያም ሆኖ ጨረሰች፤ ተመስገን ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አምስት ወር ሳይሞላ በሽታው እንደገና መጣ።

«በቃኝ» አለች ለሐኪሙ። «ያንን ስቃይ ሁለተኛ አልደግመውም።»

ሐኪሙ አልተከራከራትም። «መብትዎ ነው። ግን መጀመሪያ መድኃኒት የምታዘጋጀዋን ልጅ ያነጋግሯት፤ እምቢ ማለቱ ከዚያ በኋላም ይደርሳል» አላት።

ከባሏ ጋር ወረደች። ፋርማሲስቷ ምድር ቤት ነበረች፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ። ድርብ ጓንቷን አውልቃ ወጣችና ከመስታወቱ ወዲያ ያለች ትንሽ ብልቃጥ አሳየቻቸው። ውስጧ ቀይ ፈሳሽ አለ።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ለብቻው ሲሰጥ የደረሰበትን ሁሉ ይጎዳል፣ ልብን ሳይቀር። እዚህ ግን በስብ ልባስ ተጠቅልሏል፣ በጥቃቅን ጠብታዎች።»

ሰዓት ሠሪዋ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ምን ያህል ጥቃቅን?»

ልጅቷ መልስ ስትፈልግ፣ እሷ አዲስ ከበቀለው ፀጉሯ አንዷን ነቅላ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠችላት። «በዚች ንገሪኝ።»

«በዚች ላይ ስምንት መቶ ያህል ጎን ለጎን ይደረደራሉ።»

«በርዝመቷ?»

«አይ፣ በውፍረቷ።»

አጉሊት መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ዓይኗ ላይ ሰካች፤ ፀጉሯን ረጅም ጊዜ አየቻት። ባሏ እንደነገረኝ፣ ሚስቱን አፏ ተከፍቶ ያያት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በምን ወረንጦ ሠሩት?» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ወረንጦ የለውም። ያ ስብ ውሃ ሲያገኝ በራሱ እየተጠቀለለ ክብ ይሆናል። ሰዎቹ የለፉት መጠኑን ለመቆጣጠርና መድኃኒቱን ውስጡ ለመክተት ነው።» በረቀቀ መሣሪያ የተነሳ ፎቶግራፍም አሳየቻት። ግራጫ ክቦች ናቸው፤ በእያንዳንዱ መሃል አንዲት ጥቁር ሰረዝ አለች። «ሰረዟ መድኃኒቱ ናት፤ ውስጥ ገብቶ ረግቶ።»

«ጠብታዎቹ ካንሰሩን በምን ያውቁታል ታዲያ?»

«አያውቁትም። ካንሰሩ ለራሱ የሚዘረጋው የደም ሥር የጥድፊያ ሥራ ነው፤ ክፍተት ይበዛዋል። ጠብታዎቹ በዚያ ክፍተት ሾልከው ይገባሉ።»

«እሰይ! የችኩል ሥራ ጌታውን ያጋልጣል» አለች ሰዓት ሠሪዋ።

ይሄኔ ሹፌሩ ባሏ ገባበት። «እንግዲህ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ፌርማታ ላይ ነው የሚወርደው?» አለ።

ፋርማሲስቷ ሳቀች። «ቢሆን በወደድኩ። መንገድ ላይ የሚወርዱ አሉ፤ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ። እትዬ፣ እጅዎን ሊያስቸግርዎት ይችላል። ሁሉም ሰው ላይም አይሠራም።»

እጇን አየች። ከዚያ «እሺ» አለች።

በቀጠሮዋ ቀን ወንበር ላይ አጋድመው ቀዩን ፈሳሽ ሰቀሉላት። ሌሎቹ ሕሙማን ይተኛሉ፣ ይጫወታሉ፤ እሷ ግን ከቱቦው ዓይኗን አልነቀለችም። ባሏ ስለ ምሳ ሲጠይቃት «ዝም በል፣ እየገቡ ነው» አለችው፣ ቤተ መቅደስ እንዳለ ሰው በሹክሹክታ።

ፀጉሯ አልረገፈም። በሦስተኛው ዙር ግን የተባለው ደረሰ፤ መዳፏ ቀላ፣ የጣቶቿ ጫፍ ተላጠ። ወረንጦ መያዝ አቃታት። ሱቋን ዘጋች፤ ሳህን ማጠቡ ለሹፌሩ ተረፈ። ሐኪሙ ቀጣዩን ዙር በሁለት ሳምንት አዘገየው፣ መጠኑንም ቀነሰ። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ግን አቁሙልኝ አላለችም።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ምርመራ ተደረገላት። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ፣ «ሆድዎን የነፋው ውሃ የለም። የካንሰሩ እጢ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። አልጠፋም፤ ግን አፈግፍጓል» አላት።

ቀጥታ ምድር ቤት ወረደች። ለምስጋና መስሏት ፋርማሲስቷ እጇን ዘረጋች፤ እሷ ግን ጥያቄ ነበራት።

«የሠሩት ሰዎች ምልክታቸውን የት ነው ያደረጉት? እኛ ሰዓት ስንከፍት ክዳኑ ውስጥ ፊርማችንን በመርፌ እንጭራለን።»

«ምልክት የላቸውም እትዬ። ስንት ሰው ስንት ዓመት ለፍቶበታል፤ እኔም ብዙዎቹን በስም አላውቃቸውም።»

«እነሱስ እኔን መች ያውቁኛል?» አለች አጉሊት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። እንባዋ ወረደ፣ ከንፈሯ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በየሦስት ወሩ ትመረመራለች፤ አንዴ ደህና ነው ትባላለች፣ አንዴ እንጠብቅ። ጣቶቿ ድነው ሱቋን ከፍታለች፤ ግን እስከ ቀትር ብቻ ነው የምትሠራው። ከሰዓት በኋላ ከባሏ አውቶቡስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከተማውን ትዞራለች፤ ስንት ዓመት ጎንበስ ብዬ ኖሬ ያላየሁት ነው ትላለች።