«ኒው ፎልደር» ውስጥ የነበረው ድምፅ

ዛሬ የጋሽ ታደሰን እናት ድምፅ አጠፋሁ።

የኮሌጃችን ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት፣ እኔ የምጠብቀው ሰርቨር መብራት በመጣ ቁጥር ቀጥ ይላል። ሞልቶ ነው ብዬ «ኒው ፎልደር» የሚሉትን ትልልቆቹን ሰረዝኩ። (እዚህ ሚዛን ከተማ ለፎልደር ስም የሚያወጣ ሰው የለም!)

አሁንም ቀጥ አለ። ለካ ችግሩ መብራት ሲመጣ ቢሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፋይል መክፈቱ ነበር።

ከሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ታደሰ ቢሮዬ መጡ። አምና ያረፉት እናታቸው በሸኮኛ ቋንቋ ተረት ሲያወሩ እሳቸው የቀዱት ድምፅ ከሰረዝኩት ውስጥ ነበር። ልመልሰው ሞከርኩ፤ አልሆነም።

«ሌላ ቦታ ቅጂ የለም ጋሼ?»

«ፍላሽ ቫይረስ ይበላዋል፣ ሰርቨር ላይ ያድርጉት ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አሉኝ፤ ሳይቆጡ።

ምነው በተቆጡኝ!

እናንተስ ሰው አምኖ የሰጣችሁን አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁ? ነገ በራቸው ላይ ቆሜ የምለው ጠፍቶኛል።