ለአማቾች የተገዛው ፓምፕ

ዶክሬን ሰላሳ ዓመት በጉርብትና አውቃታለሁ። እኔ የደረቀ ዓሣ እሸጣለሁ፣ እሷ ከሱቄ አጠገብ በሕይወት ያለውን ዓሣ እየበለተች ታበላለች። በኮሪያዋ ቶንግዮንግ ወደብ የእሷን ያህል የሚጮኽ አፍ የለም፤ ጀልባ የምትጠራ እንጂ ምሳ የምታቀርብ አትመስልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱንም ልጇንም ብቻዋን ነው ያቆመችው። እንግዲህ ይህቺ ሴት በአንድ ፓምፕ ምክንያት ነፍሷ ልትወጣ ነበር። ዛሬ ተመስገን ብለን እንስቅበታለን።

ልጇ ዬሪም ጊቻን የሚባል የቹንግጁ ከተማ ልጅ ልታገባ ሆነ። በእኛ ወግ ሁለቱ ቤተሰቦች መጀመሪያ ምሳ ላይ ይተያያሉ። በዚያ ምሳ ፈርሶ የቀረ ሰርግ ስለማይጠፋ፣ አብዛኛው ሰው የማንም ቤት ያልሆነ ቦታ ይመርጣል። የጊቻን አባት ግን “እዚያው በእናቷ ዓሣ ቤት ይሁንልን” ብሎ ላከ።

“ሊመረምሩኝ ነው” አለችኝ ዶክሬ። “የዓሣ ሻጭ ልጅ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣች ሊያዩ ነው። የልጁ እናት እንደሆነ ከመጀመሪያውም ደስ አላላትም አሉ።”

“ይዩዋ! ምን የደበቅሽው አለ?”

“አንቺ ምን አለብሽ፣ ያንቺ ዓሣ አንዴ ሞቶ ተገላግሏል።”

ክንድ የሚያህል ቀይ ዶም ገዛች። ዶም የደስታ ቀን ዓሣ ነው፤ እንግዶቹ በሕይወት አይተውት፣ ከዚያ ነው ቢላዋ የሚያርፍበት። ሞቶ ከተገኘ ውርደት ነው፣ ለሙሽሮቹም ገድ የለውም። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ግን በእኛ ሰፈር ዓሦቹ ያሉበት የመስታወት ገንዳ የሚቀመጠው መንገድ ዳር ነው፤ መንገደኛው ውሃው ሲፍለቀለቅ ካየ ዓሣው ትኩስ ነው ብሎ ይገባል። ዶክሬም አማቾቿ ገና ከመኪና ሲወርዱ ገንዳዋ ሲፍለቀለቅ እንዲያዩላት ፈለገች። ፓምፕ ሻጩ ባንግ ዘንድ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ።

“የድሮው ፓምፕሽ የገንዳውን ውሃ በሰዓት ስድስት ጊዜ ያዞረዋል፣ ለዓሦችሽ ይበቃቸዋል” አላት። “ይሄኛው ሃያ ጊዜ ነው፣ ወንዝ በይው። ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ አበባ ለሚያሳድግ ሰው እንጂ ላንቺ አይሆንም። ለመሆኑ የምትገዢው ለዓሣው ነው ለሰው?”

“ለአማቾቼ!” አለችና የድሮውን በልዋጭ ሰጥታው ትልቁን ተሸክማ ወጣች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ዶክሬ ማፍሰሱን በደንብ አሳመረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠርታኝ ስሄድ ገንዳው በእርግጥ ያምር ነበር። ውስጡ ያሉት ግን ያሳዝናሉ። አሸዋ ላይ መተኛት የሚወዱት ጠፍጣፎቹ ዓሦች እየተገለባበጡ ይንሳፈፋሉ። ዶሙ ውሃው ጥግ ላይ አጣብቆት ስንጥቡን በፍጥነት ይከፍታል፣ ይዘጋል።

“አጥፊዋ!” አልኳት።

“ካጠፋሁት የውሃው ማቀዝቀዣም ይቆማል፣ በአየር እጦትም ያልቃሉ። ባንግ ደግሞ ዘግቷል። አንቺ እህቴ፣ ምን ሠራሁ!”

ይህን ስትል መኪናቸው ደረሰ።

ሁለቱም ቤተሰብ ከነልጆቹ ለምሳ ተቀመጠ። ቅድመ ምግቡ ቀረበ፣ ስለ አየሩ ተወራ፣ ስለ መንገዱ ተወራ፣ ወሬው አለቀ። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ አያለሁ። አባትየው፣ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፣ ጽዋውን ሳይነካ በዶክሬ ትከሻ ላይ አሻግሮ ገንዳው ላይ ያፈጣል። ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር ስትቆነጥጠው አየሁ። በመጨረሻ ብድግ ብሎ ወጣ። የዶክሬ ፊት አመድ ሆነ። አለቀ፣ ሰውየው ምሳ ረግጦ ሄደ አልኩ በልቤ።

ተከትለነው ስንወጣ ኮቱን አውልቆ ገንዳው ላይ አጎንብሷል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የዬሪም እናት” አለ ሳያያት። “ውሃው እየፈጠነባቸው ነው። ዝም ብዬ ልብላ ብል አልቻልኩም።”

“ለእናንተ ብዬ ነው!” ብላ ዶክሬ ያመቀችውን ሁሉ አፈነዳችው። “እንድትንቁን አልፈለግኩም! ፓምፑን ገዛሁት፣ ይሄው ገደላቸው!”

“አልገደላቸውም። የቧንቧውን አፍ ወደ ግድግዳው እናዙረው፣ ኃይሉን እዚያ ይጨርሳል።”

“መዞሩ ብቻ አይበቃውም” አለች ዶክሬ። ሮጣ የባሕር ቅጠል የምታጥብበትን ቀዳዳ ቅርጫት አመጣች። እሱ ቧንቧውን ወደ ግድግዳው ሲያዞር እሷ አፉን በቅርጫቱ ሸፍና አሰረችው፤ ሁለቱም እስከ ትከሻቸው ራሱ። ውሃው በቀዳዳዎቹ ተከፋፍሎ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ጠፍጣፎቹ አንድ በአንድ አሸዋው ላይ ተኙ። ዶሙ ጥቂት ቆየ፣ ቆየና ከጥጉ ወጥቶ ገንዳውን ዞረ። እፎይ! ያን ጊዜ የተነፈስኩት ትንፋሽ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

የጊቻን እናት በሩ ላይ ቆማ ነበር። “አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ጀመርክ?” አለች። ወደ ዶክሬ ዞረችና “ሳሎኔን ባሕር አድርጎብኛል እኮ! ሶፋ የለኝም፣ ገንዳ ነው ያለኝ። እዚህ ካልሆነ ያለውም ገንዳዎን ለማየት ነው። እኔ ደግሞ ቤታችንን አይተው ልጅዎን ይከለክሉናል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት” አለቻት።

“እርስዎ? እኔን ፈርተው?” አለች ዶክሬ፣ ከዚያ ወደቡን የሚያናውጥ ሳቋን ለቀቀችው።

አባትየው ዶሙን እያየ “ባይታረድስ?” ብሎ ነበር።

“ዓሣ ቤት መጥተው ለዓሣ ሊያለቅሱ? ይግቡ፣ ይቀመጡ!” ብላ አስገባችው።

የጊቻን እናት ከዶሙ የመጀመሪያውን ቁራሽ አነሳች። ለባሏ አልሰጠችም፣ ለልጇም አልሰጠችም። የዬሪም ሳህን ላይ አኖረችውና “ብዪ ልጄ፣ ከስተሻል። ለሰርጉ ማሰብ ለእኛ ይሁን” አለቻት።

ዶክሬ ይህን ሰምታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከነቢላዋዋ ፊቴ ቆመች። ቢላዋውን ከእጇ ወሰድኩላት፣ እሷም ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።