የተደፈጠጡት የወገቤ አጥንቶች

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ቁስለኛው ወርዶ እስኪያልቅ ኮረብታውን አንለቅም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምሽግ ያዝን። የእኛ ጓድ አሥራ አንድ ሰው ነበረው። መሪያችን አሥር አለቃ ጥላሁን ወሬ የማይወድ፣ ሲጋራውን ግን ለሁሉም የሚያካፍል ሰው ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ሞርታር ጀመረን። ተኮስን፤ ተተኮሰብን። አንዱ ቅንቡላ ምሽጌ አፍ ላይ ወደቀና አንስቶ ድንጋይ ላይ በመቀመጫዬ ጣለኝ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። አጠገቤ ጓደኛዬ ደስታ ታፋውን ተመቶ ደሙ ይፈሳል። ቃሬዛ አልነበረም።

«ተወኝ፣ አንተ ሂድ» አለኝ።

«ዝም ብለህ አንገቴን ያዝ!» አልኩት።

አዝዬው ቁልቁለቱን እስከ ሕክምና ጣቢያው ወረድኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ወገቤን ይወጋኝ ነበር፤ አላስቀመጥኩትም። ደስታ ድኖ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። በዚህ እኮራለሁ፤ ጉራ ነው ካላችሁም በሉ።

ከዚያ ወዲህ ወገቤ ባመመኝ ቁጥር «ብርድ ነው» እያልኩ ኖርኩ። ጁባ መጥቼ ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ስከፍትም ያው ብርድ ነው አልኩ፤ በዚህ ሙቀት! ባለፈው የዝናብ ወቅት የቢራ ሳጥን ሳነሳ ወገቤ ከዳኝ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ወጌሻ አስጠርቼ ልታሽ ስል ልጄ ሂሩት በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ራጅ ሳትነሳ ማንም አይነካህም!»

እንደዚያ ያለ አዛዥ ግንባርም አላየሁ። ታዘዝኩ።

ራጁን ያየው ሐኪም ጋምቤላ ያደገ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል።

«ጋሼ፣ አከርካሪ ማለት ተደራርበው የቆሙ አጥንቶች ናቸው። ይሄኛው ከፊት በኩል ተደፍጥጧል። አዲስ ነው፤ አጥንትዎ በዕድሜ ስለሳሳ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን የቆዩ ናቸው። ታሽተው ቢሆን ነርቭ ተነክቶ እግርዎ ሊሰንፍ ይችል ነበር። ከእንግዲህ ኻላስ፣ በቃ፣ ሸክም የለም።»

ቁመቴ በሦስት ጣት ያጠረው ለካ በዚህ ነው። አሁን የወገብ ድጋፍ ታጥቄ፣ መድኃኒቴን እየዋጥኩ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።

የሁለቱን የቆዩ ስብራቶች ታሪክ ለሐኪሙ ስነግረው «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አለኝ።

ከዚያ ውጊያ በማግስቱ ረፋድ ላይ ስም ተጠራ። አሥር አለቃ ጥላሁን፣ የለም። ከበደ፣ የለም። አብዲ፣ የለም። ወልዴ፣ የለም። ደስታ ሆስፒታል ስለነበር የተሰለፍነው ስድስት ነበርን። መቶ አለቃው መዝገቡን አጠፈና «የተጎዳ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ከእነዚያ ስሞች በኋላ ወገቤን ማለት አፈርኩ። «የለም» አልኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።