ሌንሴ የምትጀምርልን ዜማ

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በማስተምርበት የቡራዩ ትምህርት ቤት፣ ክረምቱን ሙሉ ተቆልፎ የከረመ የአንደኛ ክፍል በር ስከፍት፣ የረጠበ ጠመኔና የሻገተ ዴስክ ሽታ አፍንጫዬን ገጨኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ መስኮት ይከፍት ነበር፤ እኔ ግን በሩን መልሼ ገርበብ አድርጌ እዚያው ቆሜ ሳሸተው ቆየሁ። ሰው የሽቶ ሽታ ይናፍቀዋል፣ እኔን የሻገተ ዴስክ ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ፣ ከወጣትነቴ ክረምቶች ሁሉ የምወደው ያለፈው ሰበታ፣ እንዲህ በሚሸት ክፍል ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን እጃቸውን አንስተው "ዶ፣ ሬ፣ ሚ" ሲሉ ነው።

ያኔ ሰበታ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። የኤስቴቲክስ፣ የሙዚቃና የሥዕል፣ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህም ማለት፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር ክፍለ ጊዜዋን የምትነጠቅና የወላጆች በዓል ሲቃረብ ብቻ ስሟ የሚታወስ ሰው ማለት ነው። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ልጅ ሲዘምር ባዩ ቁጥር ጊዜ የባከነ ይመስላቸዋል። የዜማ ትምህርት የክረምት ሥልጠና ሲመጣ ቢሯቸው ጠርተው፣ "ሄደሽ ተፈትነሽ ካለፍሽ ክፍለ ጊዜሽ ይቆይልሻል፤ ካልሆነ ግን ለሒሳብ መስጠቴ ነው" አሉኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ዓለም ገና ካለው ከእናቴ ቤት እየተመላለስኩ፣ ሰማይ ቢወርድም ምድር ብትሰነጠቅም ያንን ሥልጠና ልጨርስ ለራሴ ማልኩ።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን መምህራን መጀመሪያ ቀን ላይ ዓይናችን በር በሩን ያይ ነበር፤ ኪቦርድ ይመጣል ብለን። የመጣችው ግን አንዲት ጃንጥላ ናት፣ ከጃንጥላዋ ሥር ደግሞ አሠልጣኛችን መምህርት ጽጌ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሸበት ያለ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት። ከቦርሳቸው ያወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዴስክ ላይ መታ ሲያደርጓት ቀጭን ድምፅ የምትሰጥ ባለ ሁለት ጣት ብረት። "መሣሪያችሁ ጉሮሯችሁ ነው፣ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው" አሉን። ቀጥለውም ብረቷን መትተው ያንን ድምፅ ተቀበሉኝ ሲሉን፣ ክፍሉ ውስጥ ባለው ሰው ልክ የተለያየ ድምፅ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ለታጨቀ ክፍል ስንጮህ የኖርን ሰዎች ነን፤ ጉሮሯችን ጠመኔና አቧራ ጠጥቶ አርጅቷል። ቡራዩዎች በሱሉልታዎች ሳቁ፣ ብርዱ ድምፃቸውን ቆልፎታል እያሉ፤ ሱሉልታዎችም በተራቸው ሰበታ የሚጮኸው የፋብሪካ ፊሽካ ነው እንጂ ሰው አይደለም አሉን።

ሥራው ግን እንደ ሳቁ ቀላል አልነበረም። እያንዳንዷ ድምፅ የእጅ ምልክት አላት፤ ዶ የተጨበጠ እጅ ነው፣ ሚ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ መዳፍ፣ ሶ ደግሞ ደረትን የሚያይ እጅ። ማዜም የሚጀመረውም ከመጽሐፍ ሳይሆን እያንዳንዳችን ከእናታችን ቤት ይዘን ከመጣነው ዜማ ነው። ከሁሉም ልምምድ ደግሞ መምህርት ጽጌ "በሆድ" የሚሉት አለ፤ ዜማውን እያዜምን ሳለ እጃቸውን ሲያወርዱት ድምፃችን ይጠፋል፣ ዜማው ግን በየሆዳችን ይቀጥላል፣ እጃቸው እንደገና ሲነሳ ሁላችንም እኩል እዚያው ቦታ ላይ መገኘት አለብን። በመጀመሪያዎቹ ሰሞን እጃቸው ሲነሳ አንዳችን ጫንጮ፣ አንዳችን ሰበታ ነበርን።

እኔ የተጣመርኩት ከሱሉልታ ከመጡት ከኦቦ ገመቹ ጋር ነው። ጡረታቸው የደረሰ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሌላ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው የላኳቸው፤ እሳቸውም ሰበታ ዘመድ ቤት አርፈው፣ ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተኒ" ብለው ይገቡና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሒሳብ መሆናቸውን ስሰማ ባላጋራዬ መስለውኝ ነበር። ነገር ግን ተራቸው ደርሶ ከእናታቸው ቤት ያመጡትን ሲያሰሙን፣ እናታቸው ወተት ሲንጡ የሚያዜሟት፣ ሦስት ድምፅ ብቻ ያላት፣ ከተነሳችበት ተመልሳ እዚያው የምታርፍ ኦሮምኛ ዜማ ሆና ወጣች፤ ካፖርቱም ጡረታውም ጠፍተውብኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠው የወተት ቅል የሚጠብቅ ልጅ መሰለኝ። ለፈተናችን እሷን መረጥን።

ፈተናው ከእውነተኛ ልጆች ጋር ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ ዙሪያ ካሉ ቤቶች ልጆች ሰበሰብን። ኦቦ ገመቹ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ዜማዋን ሲጀምሩላቸው፣ ልጆቹ እሳቸውን ለመምሰል አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንደ ሽማግሌ ማጉረምረም ጀመሩ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መምህርት ጽጌ ግን አልሳቁም፤ ልጅ የሚቀበለው ከልጅ ነው፣ የምትጀምር አንዲት ልጅ ፈልጉ አሉን። ያኔ ነው ሌንሴ የተገኘችው። የአጥሩ ጎረቤት ልጅ ናት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ገና በቅጡ ያልበቀሉ፣ ወንድሟ በባጃጅ አድርሷት የሚሄድ፣ ቤቷ ግን ከትምህርት ቤቱ በር የድንጋይ ውርወራ እንኳ የማይርቅ። እሷ ስትጀምር ያ ሁሉ ማጉረምረም ጠርቶ አንድ ድምፅ ሆነ። ጉድለት ቢባል አንድ ነበራት፤ ከብረቷ ድምፅ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ትላለች። መምህርት ጽጌ ሊያወርዷት ሞክረው ሞክረው፣ በመጨረሻ ብረቷን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና "ይሁን፣ እኛ እንውጣላት" አሉ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ እነዚያ ከተሞች ደህና እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ባሰ። አንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ የጎማ ጭስ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ልብስ ላይ ያድራል። ሠልጣኞች አንድ በአንድ ቀሩ። እኔ ታክሲ በጠፋበት ቀን ወገቤን አስሬ፣ ላስቲክ ጫማዬን አጥልቄ፣ ከዓለም ገና ሰበታ በእግሬ እገባ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ለዘፈን ብለሽ ልትሞቺ ነው?" ትለኛለች። እፈራ ነበር፣ አልዋሽም፤ ክፍለ ጊዜዬን ለሒሳብ አስረክቤ መኖሩ ግን የበለጠ ያስፈራኝ ነበር።

የፈተናው ቀን በጭቃ ተለውሼ ስደርስ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። የሞተው የሌንሴ ወንድም ነበር፤ ባለፈው ቀን መንገድ ላይ በተተኮሰ ጥይት ተመትቶ። ያ ልጅ እህቱን ከባጃጅ ሲያወርዳት፣ "ቲቸር፣ አደራ፣ ቤት ውስጥ እንዳትጮህብን እዚህ ጩኸቷን ጨርሱላት" ብሎ የሚስቅ ልጅ ነበር።

ለቅሶ ባለበት ሰፈር እንኳን ዘፈን ሬዲዮም አይከፈትም። ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። ግን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላኩት ፈታኝ በስንት መከራ ደርሰው እርጥብ ጃኬታቸውን ወንበር ላይ አስጥተዋል፤ መንገዱ ተመልሶ ሳይዘጋ መሄድ አለባቸው፤ ዛሬ ካልሆነ ሥልጠናው እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል አሉ። ወላጆቻቸው ድንኳኑ ውስጥ ስለነበሩ ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ክፍላችን ገብተው ተኮራምተዋል። መምህርት ጽጌ፣ "እናንተ ልጆች፣ ይቅር፤ ሰው ይበልጣል" አሉን። ልክ ነበሩ። እኔ ግን ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ክረምት ታየኝና፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት "በሆድ እንሥራው" አልኩ። ኦቦ ገመቹ አዩኝ፤ ከዚያ ተነሥተው ካፖርታቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ሁለታችን ልጆቹ ፊት ቆመን እጃችንን አነሣን። የሚጀምርልን አልነበረም። እጆቻችን ወጡ፣ ወረዱ፣ መዳፍ ተዘረጋ፣ ጡጫ ተጨበጠ፤ የልጆቹም ትንንሽ እጆች አብረውን። አንድም ድምፅ የለም፤ ከጣሪያው ዝናብና ከአጥሩ ማዶ ከሚመጣው የእናቶች እንጉርጉሮ በቀር። ወተት የሚናጥባት ዜማ ከተነሳችበት ተመልሳ አረፈች። ስንጨርስ ፈታኙ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ፣ "እሺ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?" አሉ።

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አልቋል አልኳቸው። ያልሰማሁትን እንዴት ብዬ ነው የማሳልፈው አሉ፤ እውነታቸውንም ነበር። ወደ ልጆቹ ዞርኩና፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ፣ ለራሳችሁ ብቻ፣ ያረፋችሁበትን ድምፅ አሰሙኝ አልኳቸው። ከዝናቡ ድምፅ ያልበለጠ፣ አንድ ወጥ ድምፅ ተነሣ። መምህርት ጽጌ ብረቷን ቀስ ብለው ዴስኩ ላይ መትተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልጆቹ ከብረቷ ትንሽ ከፍ ብለዋል። የጀመረላቸው ሳይኖር፣ ሁሉም በየሆዳቸው የሌንሴን ድምፅ ይዘው ነበር የሄዱት። ፈታኙ ለምን እንደምናለቅስ አልገባቸውም፤ ግን ፈረሙ።

ከዚያ ከኦቦ ገመቹ ጋር ድንኳኑ ገባን። ሌንሴ የትልቅ ሰው ጥቁር ሻሽ አስረውላት እናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ ስስማት ጆሮዬ ሥር፣ "ቲቸር፣ ማን ጀመረላችሁ?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ" አልኳት።

"እኔማ እዚህ ነበርኩ።"

ኦቦ ገመቹ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው፣ "ሰገሌ ኬቱ ቱሬ" አሏት፤ የነበረውማ ድምፅሽ ነው ማለታቸው ነው። ሌንሴ አየቻቸው፣ ከዚያ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ደበቀች።

ዳይሬክተሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቡራዩ ከተዛወርኩም በኋላ ክፍለ ጊዜዬ እስከ ዛሬ የኔ ነው። የሌንሴ ቤተሰብ ግን ትምህርት ሳይከፈት ሰበታን ለቀቀ። ጫንጮ ዘመድ ዘንድ ናቸው ሲሉኝ ጫንጮ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ዱከም ፋብሪካ ገብተዋል አሉኝ፤ ዱከምም ሄድኩ፣ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ መንገድ ላይ ባገኛት እንኳ አላውቃትም። ክፍሌ ውስጥ ዜማ እኔ ጀምሬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ያስጀምራል። እስከ ዛሬ ከብረቷ ጋር ልክ የሚገጥሙ ስንትና ስንት ልጆች አገኘሁ፤ ትንሽ ከፍ የምትለዋን ግን አላገኘሁም።