የማርያም ጃንጥላ በእኔ ቤት

ጃንጥላውን ባሌ ያመጣው ከአስመራ ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ሲከፈት ጓዳውን ግጥም አድርጎ የሚሞላ። ባሌ ከጣሊያን በቀረች አሮጌ ማኪና እህል ያመላልስ ነበር፤ ከኮላ ድባ ይጭናል፣ ጎንደር ያራግፋል፣ አንዳንዴም አስመራ ድረስ ይዘልቃል። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እኔ ብቻዬን ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ይበቃን ነበር።

የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ ሞት እንጂ ሌላ አይለየውም። የባሌ እህት ይህ ነገር ያንገበግባታል። «በሰማንያ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ይሄኔ የልጅ አባት ነበር» ትላለች፣ እኔ እየሰማሁ። ከስድቧ ይልቅ የሚያሳርረኝ ከሷ ጋር የሚቀመጡት ሴቶች ከንፈር መምጠጥ ነው። ሰው ቢሰድበኝ እችላለሁ፤ ሲያዝንልኝ ግን ቤቴ ገብቼ በሬን መዝጋት ያምረኛል።

ስለዚህ ለአጥቢያችን ማርያም ተሳልኩ። ልጅ ብትሰጪኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ አልኳት። ሌላው ሰው የተሳለውን የሚገዛው ስለቱ ሲሰምር ነው። እኔ ግን አስቀድሜ አስገዛሁ። የወገራው አባቴ ያሳደገን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» እያለ ነው፤ በእኔ በኩል ሁሉ ነገር የተሰናዳ መሆኑን ማርያም እንድታይልኝ ብዬ ነው። ጃንጥላውን በአቡጀዴ ጠቅልዬ ከጣራው ማገር ላይ አንጠለጠልኩትና ጥበቃ ጀመርኩ።

ቤተ ክርስቲያኗ የነበራት ጃንጥላ ፀሐይ የበላው፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ነበር። በንግሥ ቀን ታቦቷ ስትወጣ አንድ ዲያቆን የተንጋደደውን ጎን በእጁ ደግፎ ይሄዳል። ይህን ያየ የነፍስ አባቴ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ወደ ጣራው ቀና አለ።

«ልጄ፣ ምነው ብታስገቢው? ስለት እኮ የገበያ ውል አይደለም።»

«ትስጠኝና በማግስቱ አስገባለሁ፣ አባቴ።»

«እሷ ካንቺ ምን ጎደላት?»

«እኔስ ጎድሎኝ አይደለም የተሳልኩት?»

መስቀሉን አሳልሞኝ ሄደ። ረትቼው የሄደ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ባሌ ይቀልድብኝ ነበር። «ማርያምን በመያዣ ያዝሻት እኮ» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን በንግሥ ቀን ያ የተሰበረ ጃንጥላ በፊታችን ሲያልፍ ባሌ አንገቱን ይደፋል፤ አየዋለሁ። በአንድ ዓመት፣ መስከረም ጠባ ስንል፣ ማኪናዋን እያሰናዳ ሳለ ዞር ብሎ «ስሚ፣ እንስጣት። ልጁም ቢቀር እኔና አንቺ አለን» አለኝ።

«ቢቀር አትበል!» ብዬ ጮህኩበት።

«እሺ» አለና ወደ ኮላ ድባ ወረደ።

የዚያን ዓመት ኮላ ድባ ባለችበት በደምቢያ ሜዳ ላይ ንዳድ፣ ያ የወባ ትኩሳት፣ ገብቶ ነበር። ባሌን ጓደኞቹ ደግፈው አመጡልኝ። በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤለት ይንቀጠቀጣል፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉን ገፎ ውሃ ይላል። ከሐኪም ቤት መድኃኒት፣ ከማርያም ጸበል አመጣሁለት። ሁለቱም አላዳኑትም። እሱን እንድትጠብቅልኝ ተስዬ አላውቅም ነበር። የተሰጠኝ ነዋ፤ ለተሰጠ ነገር ማን ይሳላል?

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የባሌ እህት መጣች። ሐዘን አለዝቧት ነበር። «እቴ፣ ስለቱ እንግዲህ ካንቺ ወርዷል። አልሰጠችሽም፣ አትጠይቅሽም። ጃንጥላውን በወንድሜ ስም አስገቢው፤ ሸጋ መታሰቢያ ይሆነዋል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። መውጫ በር እየከፈተችልኝ ነበር፤ በዚያ በር ብወጣ ማንም ከንፈሩን አይመጥብኝም። እስቲ ላስብበት ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ ክረምት ገባ። የጎንደር ክረምት ብቻውን ላለ ሰው ረዥም ነው። ጎረቤት በዝናቡ ቤቱ ይከተታል፣ ማኅበሩም ይሳሳል፣ እኔም የማወራው አጥቼ ለእሳቱ አወራለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣራው አፈሰሰና አቡጀዴው ራሰ። ጃንጥላውን አውርጄ፣ እንዲደርቅ ከፍቼ፣ ዘንጉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጓዳው ሞላ። ከሥሩ እኔ ብቻ ነኝ። ታቦት አላስጠለልኩበት፣ ልጅ አላቀፍኩበት፣ ባሌም የለ። በየማለዳው «ፈቃድህ ይሁን» ስል ኖሬአለሁ፤ ለካ ስለው የነበረው የእኔ ፈቃድ እስከሆነ ድረስ ነው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ምን እንዳሰበልኝ ያን ቀን አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም። ጌታ ሆይ፣ ባይገባኝም ይሁን አልኩት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በአስተርእዮ ማርያም ተሸክሜው ሄድኩ። በእኛ ዘንድ ስለት ሲገባ ቄሱ በሕዝቡ ፊት ይናገራል፤ እገሊት ይህን ለምና ይህ ተሰጣት፣ እልል በሉ ይላል። ስንቱን ልጅ ከኋላ ቆሜ እልል ብዬለታለሁ። ተራዬ ሲደርስ የነፍስ አባቴ ጃንጥላውን ተቀብሎኝ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለ።

«ምን ብዬ ልናገር፣ ልጄ? ለባልሽ ነፍስ ልበል?»

«አይደለም፣ አባቴ። ልጅ ለምና አልተሰጣትም ይበሉልኝ።»

«እንዲህ ተብሎ አያውቅም።»

«ዛሬ ይባል።»

ወደ ሕዝቡ ዞረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኅታችን ልጅ ለምና ነበር። አልተሰጣትም። የተሳለችውን ግን አስገብታለች» አለ። እዚያ ላይ ቆመ። «እልል በሉ» የሚለው ቦታ ደርሶ ነበር፤ ይበል አይበል ግራ ገባው። ከሴቶቹ በኩል ያ የማውቀው የከንፈር መምጠጥ ሲጀምር ሰማሁት። የባሌ እህት ዓይኗን መሬት ተክላ ነበር።

እኔው እልል አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ መሀሉ ላይም ተሰበረብኝ። የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ደገምኩት።