ዓሣ ያኖርንበት የጥምቀት ገንዳ

በ1974 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ባሌ ከታሰረ ወራት አልፈው ነበር። ጥፋቱ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች በኋላ በቤታችን ሰው ሰብስቦ መጸለዩ ነው። የታሸገችው ቤተ ክርስቲያን ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የቀበሌ አዳራሽ ሆናለች። ወንበሮቹ የእኛ ናቸው፤ መስኮቶቹን የቀባነውም እኛው ነን። ለስብሰባ ስጠራ የት እንደምቀመጥ ይጨንቀኝ ነበር። የለመድኩት ቦታ ላይ መቀመጥ ያመኛል፤ ሌላ ቦታ መቀመጥም ያመኛል።

ለአብዮቱ በዓል ከላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የጫሞ ሐይቅን ዓሣ በሕይወቱ ለእንግዳው ሊያሳይ ፈለገ። ብየዳ የሚችል ሰው አስጠርቶ፣ ወፍራም የመስኮት መስተዋት በብረት አስይዞ፣ ዳር ዳሩን በስቱኮ አስደፍኖ፣ አልጋ የሚያህል ሳጥን አሠራ። መድረኩ ላይ፣ መጋቢያችን ቆመው ይሰብኩበት በነበረው ቦታ አስቀመጡት። ከሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሣዎች አምጥተው ጨመሩበት። ውሃው ወዲያው ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሌላ አመጡ። እነሱም ሞቱ።

ያኔ ሊቀ መንበሩ አስጠራኝ። ባሌ የከተማው ቧንቧ ሠራተኛ እንደነበረ ያውቃል።

«ባልሽ ውሃ ማጥራት ይችላል አሉ።»

«ይችላል፣ ጌታዬ።»

«ጌታሽ ሰማይ ላይ ነው። እዚህ ጓድ ነው የሚባለው።»

«ይችላል፣ ጓድ። ይፈታና ይሥራው።»

«አይፈታም። እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ሥሪው። እንግዳው እስኪመጣ ዓሣዎቹ ካልሞቱ በበዓሉ ማግስት ቤቱ ይገባል።»

ይህን ያለው በሰው ፊት ነው። እኔም ቃሉን ያዝኩ።

ስንቅ ሳደርስ ለባሌ ነገርኩት። በአጥሩ ማዶ ቁጢጥ ብሎ ጭቃው ላይ በጣቱ ሣለልኝ። ከሳጥኑ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቧንቧ ይውጣለት፤ የተረፈው ውሃ በዚያ ወደ ታች ይውረድ። ከታች ሌላ ገንዳ ይኑር፤ ለሦስት ይከፈል። በመጀመሪያው ክፍል የፍራሽ ስፖንጅ፣ በሁለተኛው የታጠበ ጠጠርና ከሰል ይግባ፤ ሦስተኛው ባዶውን ይሁን። ከዚያ ሞተር የጠራውን ውሃ እየሳበ በጎማ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የታችኛው ገንዳ ግን ከግማሽ አይለፍ፤ ሞተሩ ሲቆም ከላይ ለሚወርደው ውሃ ቦታ ይቅር።

ዘበኛው አጎንብሶ ሥዕሉን አየ። «ይሄ የዓሣ ቤት ነው ወይስ የምታመልጥበት ጉድጓድ?»

«ለዓሣ ነው፣ ወንድሜ። ለራሴማ ማን ፈቀደልኝ» አለው ባሌ። ዘበኛው ስቆ ፊቱን አዞረልን፤ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ አገኘን። ያንን ሰው እስከ ዛሬ በጸሎት አስበዋለሁ።

ለታችኛው ገንዳ በርሜል ብንሞክር አነሰ። ሊቀ መንበሩ የመድረኩን ሳንቃ በጫማው መታ መታ አደረገና «ከዚህ ሥር ያለውስ?» አለ። ከዚያ ሥር የምንጠመቅበት ገንዳ ነበር። እኔም የተጠመቅኩት እዚያው ነው። ሳንቃውን አነሳሁ።

ከማኅበራችን ሁለት እህቶች አገዙኝ። ጠጠሩን ከኩልፎ ወንዝ በጀርባችን አመጣን፤ ውሃው ጥርት እስኪል አጠብነው። ገንዳውን በብሎኬት ከፈልን። ሞተሩን የቀበሌው ሰዎች ከውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ተዋሱልን። ሲነሳ ውሃው ከላይ ወረደ፣ በስፖንጁና በጠጠሩ አለፈ፣ ተመልሶ ወጣ። ለጥቂት ቀን ደፍርሶ ቆየና ጠራ። ጠጠሩን አረንጓዴ ነገር ሲያለብሰው ሴቶቹ እንጠበው አሉ፤ ባሌ ግን «ውሃውን የሚያጠራው እሱ ነው፣ አትንኩት» ብሎ ስለነበር ተውነው። ዓሣዎቹ መብላት ጀመሩ። ገንዳው ዳር ተንበርክኬ ጠጠር ሳስተካክል ለሚያየኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። እጸልይ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ሊቀ መንበሩ ሊያይ መጣ።

«ገንዳው ለምን ጎደለ? ለእንግዳ ጎደሎ ነው የምናሳየው?»

«ባሌ ከግማሽ እንዳያልፍ ብሏል፣ ጓድ።»

«ባልሽ እስር ቤት ሆኖ ሊቀ መንበር ሆነ እንዴ? ሙሉት።»

ውሃ የሚያመላልሱት ሰዎች የት ድረስ ብለው ጠየቁ። የቀበሌው ጸሐፊ «እስከ መስመሩ ነዋ» አለ። ይህ ጸሐፊ ቀድሞ ከመዘምራናችን አንዱ ነበር። መስመሩ መጋቢያችን በቀለም ያሰመሩት ነው፤ አጥማቂና ተጠማቂ ሲገቡ ውሃው እንዳይፈስ ከጠርዙ አራት ጣት ዝቅ ይላል። ጸሐፊው ከአፉ የወጣውን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ሊቀ መንበሩ ምንም አልገባውም። እስከ መስመሩ ሞሉት።

ቀጥሎ «ይሄ የሚንፎለፎል ድምፅ ንግግር ያበላሻል» አለና ውሃ የሚመልሰውን ጎማ ጫፍ፣ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን፣ እስከ ሳጥኑ ወለል ድረስ ገፍቶ አስገባው። ድምፁ ጠፋ። ደስ አለው።

በማግስቱ እንግዳው ገብቶ ፊት ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ንግግሩን አጋምሶ እያለ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ሞተሩም ቆመ። ያን ጊዜ ጫፉ ታች የገባው ጎማ ከሳጥኑ ወለል ውሃውን ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ። እስከ መስመሩ የሞላው ገንዳ ቦታ አልነበረውም። ውሃው ጠርዙን አልፎ፣ ከመድረኩ ወርዶ፣ በወንበሮቹ ሥር ሄደ። ሰው ሁሉ እግሩን አነሳ።

ከኋላ አንዱ «ኩልፎ ሞልቶ ነው?» ሲል ሳቅ ተነሳ። እንግዳው ጫማውን አየ፤ እሱ አልሳቀም።

እኔና ሴቶቹ መድረክ ላይ ወጣን። ዓሣዎቹ ውሃው ባለቀበት የሳጥኑ ወለል ላይ ይገላበጡ ነበር። በነጠላችን እያፈስን ገንዳው ውስጥ ጨመርናቸው። አንድም አልሞተም።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሊቀ መንበሩ አጠገቤ መጣ። «ይሄ አሻጥር ነው። ባልሽ ከውስጥ ሆኖ አዳራሽ አጥለቀለቀብን።»

«ዓሣዎቹ አልሞቱም፣ ጓድ። ቃልዎ ስለ ዓሣዎቹ ነበር።»

«ስለ ዓሣ ማን ጠየቀሽ?»

ጸሐፊው ከጎኑ ቆሞ ነበር። አየሁት። ወለሉን ያያል።

እኔን አላሰሩኝም። ልጆቼ እናትም አባትም ሳያጡ ቀሩ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ባሌ የወጣው ሌላ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። በእግሩ ወጣ። ያልወጡ አሉና ለዚህም አመሰግናለሁ። ሆኖም አንድ ክረምት አንድ ክረምት ነው፤ ማንም አልመለሰልንም።

ያኔ፣ በበዓሉ ማግስት ጠዋት፣ የበቆሎ ፎሰሴ ከሀለኮ ቅጠል ጋር ቀቅዬ በጨርቅ ቋጠርኩና እስር ቤቱ በር ሄድኩ። ዘበኛው ቋጠሮውን አየ።

«ዛሬ ባልሽን ይዘሽ ልትሄጂ አልነበር?» አለኝ።

«ሳይቀዘቅዝ አስገባልኝ» አልኩት።