ሁለት ደቂቃ ለአንድ ገጽ

ሰኞ ጠዋት የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መለሰ ሦስት ጆንያ ማኅደር አሸክመው መጡና ከየትምወርቅ ጠረጴዛ ሥር አስደረደሩት። የወይራ አምባ ቀበሌ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባለይዞታዎች ማስረጃ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ገጽ። አዲሱ መንገድ ማሳቸውን ቆርጦ ሊያልፍ ነው። ምትክ መሬት የሚያገኘው ደግሞ ማስረጃው ስካን ተደርጎ እስከ ዓርብ ማታ ደሴ የደረሰለት ብቻ ነው። የቀረው ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

የትምወርቅ የከላላ ልጅ ናት። በልጅነቷ ትምህርት ቤቷ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። ደብተሯን ሁሉ ተሸክሞ ዳገት መውጣቱ ሲከብዳት፣ ደብተሮቹን ገነጣጥላ በስስ በስሱ ሰፋቻቸውና የዕለቱን ብቻ መያዝ ጀመረች። መምህሯ ደብተር አበላሸሽ ብለው ቢገርፏትም አልተወችውም። አሁን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ ጽሕፈት ቤት፣ በኮንትራት የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። ዝምተኛ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ ግን፣ አንድ ነገር ከያዘች እንደ መዥገር ናት፣ ሳይቆረጥ አትለቅም እያሉ ይቀልዱባታል።

መብራቱ በፈረቃ ነው፤ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ስካነሩ ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ እንደተወው፣ በሙሉ ቀለምና በትልቁ ጥራት ይሠራል። አንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ክብደቱም ሠላሳ ሜጋባይት ነው። በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ አሰላችው። ሥራው ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ እስከ ዓርብ ያላት መብራት አሥራ አምስት ሰዓት ነው። ቢያልቅም እንኳ ያን ሁሉ ክብደት የመካነ ሰላም ኔትወርክ አይሸከመውም። በፍላሽ መላክ ደግሞ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል።

አቶ መለሰ የቻልሽውን ላኪ፣ የቀረው የእግዜር ነው አሏት።

«የማንን ልተው?» አለች። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

መብራቱ እንደመጣ የማሽኑን ክዳን ከፍታ ሥራውን ተመለከተች። ቀጭኗ መብራት ጉዞዋን ስትጀምር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለች ትፈራረቃለች። ማሽኑ እያንዳንዷን መስመር ሦስት ጊዜ ያያል ማለት ነው። ወደ ባለ አንድ ቀለም ስትቀይረው ግን አረንጓዴዋ ብቻ በርታ ሽው ብላ አለፈች። የትምወርቅ ጥራቱንም ፊደል ለማንበብ እስከሚበቃው ድረስ ዝቅ አደረገችው። ወረቀት ማገላበጡን ጨምሮ አንዱ ገጽ በአርባ አምስት ሰከንድ አለቀ፤ ክብደቱም ግማሽ ሜጋባይት አልሞላም። ሰኞና ማክሰኞ ሽንት ቤት እንኳ ሳትሄድ ሁለት መቶ አርባ ማኅደር ጨረሰች።

ረቡዕ መብራት ጭራሽ ሳይመጣ ዋለ። በዚያ ቀን ሼህ አሕመዲን መጡ። የወይራ አምባ የመሬት ኮሚቴ ሽማግሌ ናቸው፤ የጎረቤቶቻቸው ወረቀት የት እንደደረሰ ሊያዩ ነበር የመጡት። ፊደል አልቆጠሩም። የትምወርቅ ባትሪ በቀረው ላፕቶፕ አንዱን ገጽ አሳየቻቸው። ማኅተሙን በጣታቸው ተከተሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ጣታቸው ከገጹ ግርጌ ቆመ።

«አረንጓዴው የታለ፣ ልጄ?»

የቀበሌው ሊቀመንበር የሚፈርምበት ቦታ ባዶ ነበር። መሬት በሚለካበት ዘመን አንዱ የሊቀመንበሩን ፊርማ በሰማያዊ እስክሪብቶ አስመስሎ የሰው እርሻ ሊወስድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ በአረንጓዴ ብቻ እንዲፈርም ቀበሌው ተስማማ፤ እስክሪብቶውም ሼሁ ዘንድ ተቀመጠ። የስምምነቱ ቃለ ጉባኤ ደሴም አለ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ ሼሁ። «ግን አረንጓዴ የሌለበት ወረቀት የእኛ አይደለም።»

የትምወርቅ የሆነው ወዲያው ገባት። አረንጓዴ መብራት አረንጓዴ ቀለም ላይ ሲያርፍ ከነጩ ወረቀት አይለይም። ወይን ጠጁን ማኅተም አጥቁሮ ያመጣላት ብርሃን ፊርማውን ውጦት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላስተያይ ሮጥሁ ብላ ነገረቻቸው። ሼሁ አልተቆጡም። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አላህ ያግራልሽ» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

አቶ መለሰ እንዳለ ይላክ፣ ደሴ ማን ያየዋል አሉ።

«ካዩት ሁለት መቶ አርባ ሰው ነው የሚወድቀው፣ አቶ መለሰ» አለች።

ሁሉንም እንደገና በቀለም ለማንሳት ጊዜው አይበቃም። ግን ፊርማው ያለው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ አራት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የቀረውን ገጽ ማሽኑ ሦስት ሦስት ጊዜ ምን ብሎ ያየዋል? ቅጹም ለሁሉም አንድ ነው። ከካርቶን ማዕዘን ቆርጣ ስካነሩ ላይ ለጠፈች፤ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ቦታ እንዲያርፍ። ለማሽኑም ያቺን ጠባብ ቦታ ብቻ በቀለም እንዲያነሳ ወሰነችለት፤ የተነሳውን ኮምፒውተሩ በቀድሞው ገጽ ግርጌ ላይ ይደርበዋል።

ሐሙስ በሰባት ሰዓት መብራቱ ሲመጣ ማኅደሮቹ በተራ ተደርድረው ነበር። ያቺን ጠባብ ቦታ ማንሳት አፍታ አልፈጀባትም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ የሁለት መቶ አርባዎቹ ፊርማ ተመለሰ። ዓርብ የቀሩትን ሰባ ሁለቱን፣ ገጹን በአንድ ቀለም፣ ፊርማውን በቀለም እያደረገች ጨረሰችና መላክ ጀመረች። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከቆመበት አስቀጠለችው። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ከደሴ መልስ መጣ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተቀብለናል ይላል።

ሼህ አሕመዲን የመጨረሻውን እንድታሳያቸው ጠየቋት። የእትዬ የሺእመቤት ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋ ድንበር ለድንበር የሚነካቸው ጎረቤታቸው። አረንጓዴው ከግርጌው ተጋድሟል። ብዙ አዩት፤ ከዚያ መርቀዋት ሚኒባሱ ሳያመልጣቸው ወጡ።

በተከታዩ ሰኞ አቶ መለሰ የሌላ ቀበሌ ጆንያ አሸክመው መጡ። የትምወርቅ ማሽኑን አላበራችም። አንድ ማኅደር መዝዛ መስኮቱ ሥር ወሰደችና ገልጣ አየችው።

«እነዚህስ በምን ቀለም ነው የሚፈርሙት?» አለች።